የክሽክሽ ጠላት፣ የጎመናችን ወዳጅ፦ ሌዲበርድ

በዚህ እትም ስለ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ ልናጫውታችሁ አስበናል። ጉዳዩን ያነሳነው ከራሳችን ስህተት ተነስተን ነው።

እዚህ ካኩማ ትኩስ አትክልት እንደ ልብ እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የተማሪዎቻችን የግብርና ክበብ በመረብ በተሸፈነች ትንሽ ግሪን ሃውስ ውስጥ ሱኩማ ዊኪ ያለማል። ባለፈው ወቅት ቅጠሉ መጨማደድና መጣበቅ ጀመረ። ገልብጠን ስናየው ክሽክሽ ወሮታል። በዚያው ቅጠል ላይ ደግሞ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ነጥብ ያለበት፣ ትንሽ አዞ የሚመስል ትል አየን። «ጠላታችን ይሄ ነው!» ብለን ተማሪዎቹን አሰልፈን አንድ በአንድ አስለቀምን። በሳምንቱ ክሽክሹ ጭራሽ ባሰበት። ለካ የገደልነው የሌዲበርድን ልጆች ኖሯል!

ክሽክሽ ለምን ቶሎ ትበዛለች?

ክሽክሽ በሹል አፏ ቅጠሉን ወግታ ፈሳሹን ትመጥጣለች። የተክል በሽታ የሚያመጡ ቫይረሶችንም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ታዛምታለች። በሞቃት አገር ሴቷ ያለ ወንድ፣ እንቁላልም ሳትጥል ልጆች ትወልዳለች። የተወለደችውም ከተመቻት በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ራሷ እናት ትሆናለች። ግሪን ሃውስ ውስጥ ደግሞ ዝናብ አያጥባትም፤ ጠላቶቿም እንደ ልብ አይገቡም።

ሌዲበርድ እንዴት ትሠራለች?

ቀይ ወይም ብርቱካናማ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ምልክት ያላትን ጥንዚዛ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ክሽክሽ ካለበት አጠገብ ቢጫ እንቁላሎቿን ሰብስባ ትጥላለች። ከእንቁላሉ ያ አዞ መሳዩ ትል ይወጣል። ትሉ እስኪያድግ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክሽክሾች ሊበላ ይችላል። ከዚያ ቅጠል ላይ ተጣብቆ ይቆይና ጥንዚዛ ሆኖ ይወጣል። ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ያደገችው ጥንዚዛ በቀን እስከ 50 ክሽክሽ ልትበላ ትችላለች።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ኬበሌ የተባለ ባለሙያ የካሊፎርኒያን ብርቱካን ያጠፋ ለነበረ የክሽክሽ ዘመድ ነፍሳት መፍትሔ ፍለጋ ከአሜሪካ ወደ አውስትራሊያ ተላከ። መጀመሪያ የላካቸው 129 ሌዲበርዶች ሎስ አንጀለስ ውስጥ ድንኳን በተከለለ የብርቱካን ዛፍ ላይ ተለቀቁ። ከዚያ ተራብተው ብዙ ሳይቆይ ተባዩን በቁጥጥር ሥር አዋሉት።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

1. መድኃኒት ለመርጨት አንቸኩል። ብዙው መድኃኒት ሁለቱንም ይገድላል፤ ቶሎ ተራብታ የምትመለሰው ግን ክሽክሽ ናት።

2. ክሽክሹ በጣም ከበዛ መጀመሪያ በውሃ አጥበን እንቀንስ፤ ሌዲበርድ ብቻዋን አትችለውም።

3. ከውጭ ከአረምና ከባቄላ ላይ ትሎቹን ከነቅጠላቸው ቆርጠን እናምጣ። ያደገችው ክንፍ ስላላት ትሄዳለች፤ ትሉ ግን እዚያው ይቆያል። ቅጠሉን በውሃ አርሰን አመሻሽ ላይ እናስቀምጣቸው፤ የቀን ሙቀት ይጎዳቸዋል።

4. ጉንዳንን እንከላከል። ጉንዳን ከክሽክሽ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወድ ሌዲበርድን ያባርራል። ተክሉ መደርደሪያ ላይ ከሆነ እግሮቹን ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም ይጠቅማል።

5. እንለይ! ጀርባዋ የደበዘዘና ጸጉራም፣ ብዙ ነጥብ ያላት ሌላ ዘመድ አለች። እሷ የዱባና የድንች ቅጠል በላተኛ ናት። ትሏም ቢጫና እሾሃም ነው። እሷን መልቀም ተገቢ ነው።

ለሳይንስ መምህራን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ተማሪዎች አሥር ተክል መርጠው በየሳምንቱ ክሽክሹንና ሌዲበርዱን ይቁጠሩ፤ ቁጥሩንም በግራፍ ያስቀምጡ። መጀመሪያ ክሽክሹ ይወጣል፣ ሌዲበርዱ ዘግይቶ ይከተላል። ትዕግሥት የሚያስፈልገው በዚያ መሀል ነው። እኛ በዚያች ጊዜ ነበር የተሳሳትነው።

ዘንድሮ ተማሪዎቻችን ትል ሲያዩ ቶሎ አይጨፈልቁም። መጀመሪያ «መምህር፣ ይሄ የማን ልጅ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እናንተም ከመግደላችሁ በፊት ጠይቁ እንላለን። መልካም የትምህርት ጊዜ!