ፈቃድ ከመጠየቅ በፊት

የዓለም የሕክምና ማኅበር በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሚመራበትን የሄልሲንኪ ድንጋጌ 60ኛ ዓመት በኦክቶበር 2024 ሲያከብር፣ ሰነዱ በ1964 ወደ ወጣበት ከተማ ተመልሶ አሻሽሎ አጸደቀው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተሻሻለው ጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርዶች ብዙ የቤት ሥራ ይሰጣል። ከአባላቱ ቢያንስ አንዱ ከተራው ሕዝብ የመጣ ይሁን ይላል። ምርምሩ ድንበር ተሻጋሪ ከሆነ ገንዘቡን በሚሰጠው አገርም፣ ጥናቱ በሚካሄድበት አገርም ያለ ቦርድ ያጽድቀው ይላል። ቦርዱ ያጸደቀውን ጥናት የመከታተልና የማገድ ሥልጣን እንዳለውም ያስታውሳል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ አንቀጽ ነው፦ ተሳታፊዎችና ማኅበረሰባቸው ከጥናቱ በፊት፣ በሂደቱም ሆነ ከተጠናቀቀ በኋላ ሐሳባቸውን የሚሰጡበት መንገድ ይኑር የሚለው። ይህ ነገር ሄልሲንኪ ላይ ከመጻፉ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ወላይታ ውስጥ ተሠርቶበታል። ወደዚያው እመለሳለሁ።

ስለ ምርምር ሥነ ምግባር ደንቦችና ቦርዶች አመጣጥ ብዙ ተጽፏል። የ1947ቱ የኑረምበርግ ሕግ የናዚ ሐኪሞች ችሎት ውጤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቦርዶችን በሕግ ያቆመው የ1974ቱ አዋጅ ደግሞ በተስኪጊ ጉድ ማግስት የወጣ ነው፤ አላባማ ውስጥ ቂጥኝ የያዛቸው 399 ጥቁር ወንዶች ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ሳይታከሙ የበሽታው አካሄድ ሲጠና ኖሯል። የቤልሞንት ሪፖርት በ1979 ሦስቱን መርሖች፣ ማለትም ሰውን ማክበርን፣ በጎ ማድረግንና ፍትሕን አስቀመጠ። ተማሪ ሁሉ ለፈተና ይሸመድዳቸዋል።

እኛ ዘንድ ዛሬ አንድ የማስተርስ ተማሪ ፕሮፖዛሉን ዲፓርትመንቱ ዘንድ አቅርቦ ካለፈ በኋላ ከቦርዱ የሥነ ምግባር ክሊራንስ ይጠይቃል። ክሊራንሱ ሲወጣለት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከጤና ቢሮ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይወርዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ የሚመረመረው ወረቀት ነው። የስምምነት ቅጹ ተያይዟል? በአካባቢው ቋንቋ ተተርጉሟል? ናሙና ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ የማስተላለፊያ ስምምነቱ ተፈርሟል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ቅጹ ለተሳታፊው ሲነበብለት ምን እንደተረዳ ግን ከወረቀቱ አይታይም።

ወረቀት ብቻውን የት ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት የካኖን ታሪክ ያህል የለም። በ1996 ሰሜን ናይጄሪያ፣ ካኖ ውስጥ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ፋይዘር ትሮቫን የተባለውን መድኃኒቱን በ200 ሕፃናት ላይ ፈተነ፤ ግማሾቹ ትሮቫንን፣ ግማሾቹ የተለመደውን መድኃኒት ወሰዱ። 11 ሕፃናት ሞቱ፤ አምስቱ ትሮቫን ከወሰዱት፣ ስድስቱ ከሌሎቹ ነበሩ። ቁጥሩ ብቻውን መድኃኒቱን አያስወነጅልም። የሚገርመው የሥነ ምግባር ፈቃዱ ነው። የሆስፒታሉ ኮሚቴ ጥናቱን አጽድቋል የሚል ደብዳቤ ቀርቦ ነበር፤ ደብዳቤው በተጻፈበት ቀን ግን ኮሚቴው ገና አልተቋቋመም ነበር፣ ቀኑም ወደ ኋላ ተመልሶ የተጻፈ ነበር። ኩባንያው በ2009 ከካኖ ክልል ጋር ጥፋቱን ሳያምን በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስል፣ በ2001 ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሆነውን ማንሣት ይበቃል። በአስም ጥናት ላይ ለመሳተፍ የተመዘገበች ጤነኛ የ24 ዓመት ወጣት ሄክሳሜቶኒየም የተባለ ኬሚካል በትንፋሿ ስባ ሳንባዋ ተጎድቶ ሞተች። ጉዳቱን የሚጠቁሙ ጽሑፎች በ1950ዎቹ ታትመው ነበር፤ አጥኚውም ቦርዱም አላገኟቸውም። መንግሥት በፌዴራል ገንዘብ የሚካሄደውን የዩኒቨርሲቲውን በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ከሞላ ጎደል በሙሉ ለቀናት አገደ። ያ ቦርድ ሙሉ ነበር፣ የተማረ ነበር፣ ፋይልም ነበረው።

 

አሁን ወደ ወላይታ። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት አለ፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፣ ብዙ ሰው ዝሆኔ ይለዋል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማልና ተመራማሪዎቹ እነ ፋሲል ተኮላና ጌይል ዴቪ የዘረ መል ድርሻ እንዳለው ለማጥናት ተነሡ። ችግሩ በሽታው ሰውን ከሰው የሚያገልል መሆኑ ነው። ጥናቱ «በዘር ይወርዳል» ብሎ ቢደመድም ጤነኛውም የቤተሰብ አባል ሊገለል ይችላል። ስለዚህ የስምምነት ቅጽ ከማዘጋጀታቸው በፊት ሄደው ጠየቁ። ታማሚውን፣ ጎረቤቱን፣ የአካባቢ ሽማግሌውን አነጋገሩ፤ ምን ትፈራላችሁ፣ ማንን ታምናላችሁ አሉ። ይህን ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ አሉት፤ ውጤቱም በ2009 ታተመ። ሰዎቹ ከሚፈሩት ነገር አንዱ መገለሉ እንዳይብስባቸው ነበር። ምክራቸውም ተግባራዊ ነበር፦ ስለ ዘር ስትናገሩ የአፈሩንና የባዶ እግሩን ድርሻ አጥብቃችሁ ንገሩ፤ የሚመጣብንም ቀድመን የምናውቀውና የምናምነው ሰው ይሁን። ቅጹም አቀራረቡም በዚያው ተስተካከለ። የዘረ መል ጥናቱ በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ወጣ።

እኔ ከሄልሲንኪ አንቀጾች ይልቅ ይህን ሥራ ለተማሪ ባስተምር እመርጣለሁ። ደካማ ጎንም አለው። ሽማግሌው «እሺ» ካሉ በኋላ የሰፈሩ ሰው «አይሆንም» ለማለት ምን ያህል ነፃነት ይቀረዋል? ባሏ ከተስማማ በኋላ የምትጠየቅ ሴትስ? የማኅበረሰቡ ይሁንታ የግለሰቡን ፈቃድ እንደማይተካ ድንጋጌውም ይላል፤ በተግባር ግን ሁለቱን ለይቶ ማስጠበቅ ሠርቶ ማሳየት ይጠይቃል፤ ቦርዶችም ይህን ሲጠይቁ እምብዛም አይሰማም።

እንዲህ ያለውን ዳሰሳ ላለማድረግ ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት ለትልልቆቹ ፕሮጀክቶች አይሠራም፤ ዳሰሳው የሚፈጀው ሳምንታትን ነው፣ በጀታቸውም ይችለዋል። ለማስተርስ ተማሪው ይከብዳል፤ ለእሱ የቦርዱ ማመልከቻ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨመር ይበቃል፦ ይህን ቅጽ ከመጻፍህ በፊት ከማን ጋር ተነጋገርህ፣ እነሱስ ምን አሉህ?