ቱ ፎር ዲ ከስንዴ ማሳ እስከ ጉድጓድ

በሆሳዕና ዙሪያ ባሉ የሌሞ ቀበሌዎች ቱ ፎር ዲ የተባለው የስንዴ ጸረ አረም የሚረጨው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ቅጠል ላይ ያልቀረው ቱ ፎር ዲ መሬት ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎ የሚጥለው ዝናብም ይዞት ይሰርጋል። የእጅ ጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ቤተሰብ መንገዱን ሊያውቀው ይገባል።

የመጀመሪያው ጋሻ አፈሩ ነው። ሁሉንም ኬሚካል ግን እኩል አይዝም። ዲዲቲ ከብስባሹ ጋር አጥብቆ ይጣበቃል፤ ወደ ውሃ የሚገባውም በአብዛኛው አፈሩ ራሱ በጎርፍ ሲታጠብ ነው። ራውንድአፕ በተባለው ጸረ አረም ውስጥ ያለውን ግላይፎሴት ቀይ አፈር በብረቱ ይይዘዋል። ቱ ፎር ዲ ግን ውሃ ውስጥ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስለሚኖረው፣ እንደሱው ኔጋቲቭ የሆነው ሸክላማ አፈር ይበልጡን ይገፋዋል። ደግነቱ ዕድሜው አጭር ነው፤ ረቂቅ ተሕዋስያን በበዙበት አፈር በ10 ቀን ገደማ ግማሹ ይፈርሳል። ፍግ ሲጣልበት የኖረ የእንሰት ጓሮ ከተራቆተ ተዳፋት የተሻለ የሚከላከለውም ለዚህ ነው።

ችግሩ አፈሩን አልፎ ዐለት ሲደርስ ነው። የአካባቢው ዐለት ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ውሃም በስንጥቆቹ በፍጥነት ይሄዳል። እዚያ ብስባሽ የለም፣ ተሕዋስያኑም ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ኬሚካሉን የሚይዘውም የሚያፈርሰውም ያንሳል። ከፊሉ ደግሞ ከስንጥቁ ግድግዳ ወደ ዐለቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል። ስንጥቁ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሲመጣ፣ ቅቤ የኖረበት ቅል ሽታውን እንደሚያወጣ ቀስ እያለ ይመለሳል። ጀርመን አትራዚን የተባለውን ጸረ አረም በ1991 እ.ኤ.አ. አገደች፤ ከዓመታት በኋላም ከከርሰ ምድር ውሃዋ አልጠፋም።

እኔን ከማሳው ይልቅ የሚያሳስበኝ የመርጫው እጥበት ነው። በሊትሩ 720 ግራም ካለበት ቱ ፎር ዲ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ 3.6 ግራም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 0.03 ሚሊ ግራም ነው። ያ ማንኪያ ብቻውን 120 ሺህ ሊትር ውሃ እዚህ ወሰን ላይ ያደርሳል። ጉድጓድ አፍ ላይ የፈሰሰ እጥበት ደግሞ አፈሩን አቋርጦ በቀጥታ ይገባል።

ውሃን ማፍላትም ሆነ ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ መጨመር ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን ኬሚካል አያስወግድም። መርጫው ከጉድጓድና ከምንጭ ርቆ ይታጠብ፤ እጥበቱም በተረጨው ማሳ ላይ ተበትኖ ይረጭ። የጉድጓዱ አፍ ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ይገንባ፣ ክዳንም ይኑረው።