ተንቀሳቃሽ ስልክና የሴቶች ከፍተኛ ትምህርት

ከፍተኛ ትምህርት የሴቶችም የወንዶችም እኩል መብት መሆኑ በብዙ አገሮች ሕግ ተደንግጓል። ይሁን እንጂ መብቱ በሕግ መጻፉ አንድ ነገር ሲሆን፣ በመብቱ ለመጠቀም መቻል ሌላ ነገር ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ የሚማሩ ሴቶች ቁጥር ከወንዶች ይበልጣል። ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በከፍተኛ ትምህርት ላይ ለነበረ ለያንዳንዱ 100 ወንድ የሴቶቹ ቁጥር 80 እንኳ አልሞላም ነበር።

ለዚህ ምክንያቱ የሴቶች የችሎታ ማነስ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከገጠር ርቆ በከተማ ነው። ልጅ የምታሳድግ፣ ቤት የምታስተዳድርና ከዚያም በላይ የደመወዝ ሥራ ያላት ሴት ይህን ሁሉ ትታ ለዓመታት ከተማ ልትቀመጥ አትችልም። ስለዚህ ተማሪዋ ወደ ትምህርቱ መሄድ ካልቻለች፣ ትምህርቱ ወደ ተማሪዋ የሚሄድበትን መንገድ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ከነዚህ መንገዶች አንዱ የተልእኮ ትምህርት ነው። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ መጻሕፍትንና የቤት ሥራን በፖስታ እየላከ ሲያስተምር ቆይቷል። በዚህ ዓይነት የሚማር ሰው ከሥራውና ከቤቱ ሳይለይ ሊማር ይችላል። ይሁን እንጂ የተልእኮ ተማሪ ብቸኛ ነው። የሚያስታውሰው መምህርም ሆነ የሚጠይቀው ጓደኛ በአጠገቡ የለም። ደብዳቤ በዘገየ ቁጥር የምዝገባው ወይም የፈተናው ቀን ያልፍበታል። ብዙ ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው ትምህርቱ ስለ ከበደው ብቻ ሳይሆን፣ ቀኑ ስላመለጠው ወይም የተረሳ ስለ መሰለው ጭምር ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል የተደረገ አንድ ሙከራ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በሥራ ላይ ላሉ መምህራን የተልእኮ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ በሩቅ ገጠር የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከመቶው 66 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ስለ ኑሯቸው ባጠናቀረው መረጃ መሠረት፣ የኤሌክትሮኒክ ፖስታ የሚያገኙት ከመቶው አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ ያላቸው ግን ከመቶው 99 ነበሩ። እንግዲህ ኮምፒዩተር ያልደረሰበት ቤት ስልክ ቀድሞ ደርሶ ኖሯል።

ዩኒቨርሲቲው በዚህ መነሻነት ለተማሪዎቹ በስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ጀመረ። በጊዜው አንድ መልእክት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 160 ፊደላትና ምልክቶችን ብቻ ስለ ነበረ፣ ትምህርቱን በሙሉ በስልክ ለመስጠት አልታሰበም። መጻሕፍቱ እንደ ቀድሞው በፖስታ ይላካሉ፤ ስልኩ ደግሞ የምዝገባን ቀን ያሳስባል፣ የፈተናን ጊዜ ያስታውቃል፣ ተማሪውንም ያበረታታል። ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። ተማሪና መምህር ፊት ለፊት ለሚገናኙበት ትምህርት ከመዝጊያው ቀን በፊት የሚመዘገቡት በተለመደው ጊዜ ከመቶው 40 አይሞሉም ነበር። መልእክት በተላከ ጊዜ ግን 58 ደረሱ። ከዚህም በላይ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚላከው የስልክ መልእክት ደብዳቤ ከማሳተምና በፖስታ ከመላክ በእጅጉ የረከሰ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ሙከራ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። መሣሪያው የጠቀመው እጅግ የረቀቀ በመሆኑ አይደለም። አስቀድሞ በተማሪዋ እጅ የነበረ መሣሪያ ስለ ሆነና የጎደላትን ነገር ለይቶ ስለ ሞላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የስልክ አቅም እጅግ አድጓል። ዛሬ አንድ ስልክ መጽሐፍ ይይዛል፣ የመምህርን ድምፅና ምስል ያስተላልፋል፣ ፈተናም ይቀበላል። ይህ ዕድገት ግን አዲስ ልዩነት ይዞ መጥቷል። ኢንተርኔት የሚቀበለው ስልክ ዋጋው ውድ ነው፤ ለአገልግሎቱም በየጊዜው ይከፈላል። በብዙ ድኻ አገሮች ሴቶች እንዲህ ያለውን ስልክ የመያዝ ዕድላቸው ከወንዶች ያነሰ ነው። በአንድ ቤት አንድ ስልክ ብቻ ሲኖር ብዙውን ጊዜ በአባት ወይም በወንድም ኪስ ይውላል።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በኢትዮጵያና በሌሎችም ብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተመለሱ። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሴቷም ወንዱም እኩል አንባቢ ናቸው። በቤት ውስጥ ግን ወንዱ «ያጥና፣ አትረብሹት» ሲባል፣ እኅቱ ወጥ እንድትሠራ፣ ውሃ እንድትቀዳና ሕፃን እንድትይዝ ትታዘዛለች። ስልኩ በእጇ ቢኖርም እንኳ የምታነብበት ሰዓት ከሌላት ትምህርቱ አጠገቧ ደርሶ ሳይገባት ይቀራል።

በመሆኑም ተንቀሳቃሽ ስልክ በዩኒቨርሲቲና በሴት ተማሪ መካከል ያለውን የመንገድ ርቀት ሊያሳጥር ይችላል። በቤት ውስጥ ያለውን የሥራ ክፍፍል ግን ሊያስተካክል አይችልም። ይህን ማድረግ የሚችሉት አብረዋት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ወንድም ማታ ማታ እንስራውን ተሸክሞ ውሃ ቢቀዳ፣ ያ አንድ ሰዓት ለእኅቱ የትምህርት ሰዓት ይሆናታል።

ጥያቄዎች

1. በምንባቡ መሠረት የተልእኮ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች ምን ምን ናቸው?
2. የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ፋንታ ስልክን የመረጠው ለምንድን ነው?
3. «ትምህርቱ አጠገቧ ደርሶ ሳይገባት ይቀራል» የሚለውን ሐረግ በራሳችሁ አባባል አብራሩ።
4. በቤታችሁ የሚሠራውን የአንድ ቀን ሥራ ማን ማን እንደሚሠራው ዘርዝራችሁ ከጻፋችሁ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚተርፈውን የጥናት ሰዓት አነጻጽሩ።