«እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ጉልበታቸውን አሟቸው በልጃቸው ተደግፈው ወደ ምርመራ ክፍል ገቡ። ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እስኪዛወሩ ድረስ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሄደው ይሳለሙ ነበር። አሁን የሚወርዱት ለሐኪም ቀጠሮና ለለቅሶ ብቻ ነው። «ደረጃውስ ይሁን፤ አላስነሳ ያሉኝ ልጆቼ ናቸው» አሉኝ። ልጅየዋ ደግሞ «ብትወድቅብንስ?» አለች።

ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። በእርጅና ዘመን የዳሌ ስብራት ብዙዎችን አልጋ ላይ ያስቀራል። ነገር ግን ሥራ የፈታ እግር ጡንቻው ይመነምናል፤ ሚዛን መጠበቅም ያቅተዋል። እንዳይወድቁ ተብለው የተቀመጡ ሰው ይበልጥ ለመውደቅ ይጋለጣሉ ማለት ነው።

አረጋውያንን ከቤት የሚያስቀራቸው ስንፍና ነው ብዬ አላምንም። የሚያንሸራትት ጫማ፣ ሞራ የጋረደው ዓይን፣ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ አረፍ የሚባልበት መቀመጫ የሌለው መንገድ ሁሉ ያግዳቸዋል። ካልተጠየቁ የማይናገሩት ሌላም አለ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ሽንት ስለሚያስመላልሱ፣ መንገድ ላይ መጸዳጃ ቤት አላገኝም ብለው መውጣቱን ይተዋሉ። ይህን ለሐኪም መንገር ነው፤ የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከል ይቻል ይሆናል። በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት መካከለኛ ነው። በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን፣ 3 ቀን ደግሞ ሚዛንን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ይጨመርበታል። ቁጥሩ አያስደንግጥዎ፤ በ10 ደቂቃ መጀመር ይቻላል። ከወንበር ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ፣ ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር መቆም ቤት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። በጉልበት ዙሪያ ያለው ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበት ሕመምም ይቀላል። ደረትን ከወጋዎት፣ ካዞረዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ያቁሙና ይመርመሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው አበረታች ጓደኛ ይመስለኛል። ብቻቸውን እንዲራመዱ የመከርኳቸው ቶሎ ይተዉታል፤ ከጎረቤት ጋር የተቀጣጠሩት ግን ይዘልቃሉ።

ለእኚህ እናት የወንበሩን እንቅስቃሴ አሳየኋቸው። ልጃቸውም በቀን አንዴ፣ የደረጃውን መደገፊያ አስይዛ እንድታወርዳቸው ተስማማን። ሲወጡ ጫማቸውን አየሁት፤ ነጠላ ጫማ ነበር። ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት እንድትገዛላቸው ነገርኳት።