«ስንት ልጅ ለብሶታል?»

የልጅ ልብስ ሊከራይ የሚመጣ ወላጅ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «አዲስ ነው አይደል?» ይላል። ከባንኮኒው ጀርባ የምንቆመውም አብዛኞቻችን ሳናመነታ «አዲስ ነው፤ አንዲት ልጅ ብቻ ናት የለበሰችው» እንላለን። በመካከላችን ይቅርና እውነቱን ሹክ ልበላችሁ። ዓይናችሁ ያረፈባት ያቺ ነጭ ቀሚስ ብዙ ሰርግ አይታለች። ይህን መደበቅ አልነበረብንም፤ ሱቁ ውስጥ ካለው ልብስ ሁሉ ተፈጥሮን የጠቀመችው እሷ ናትና።

ሕፃን ሲወለድ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓመት ሲሞላው 75 ይደርሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዕድገቱ ረገብ ቢልም በየዓመቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን የሚለበሰው የክርስትና ልብስ ከዚያች ዕለት ወዲያ ማን ይለብሰዋል? ሰኔ ላይ ለኬጂ ምርቃት የተገዛው ሙሉ ሱፍም ለሚቀጥለው ዓመት ሰርግ እጅጌው ያጥራል። ልብሱ ምንም ሳይሆን ልጁ ጥሎት ያልፋል።

ልብሱን ለመሥራት የወጣው ግን ብዙ ነው። አንድ ተራ የጥጥ ቲሸርት ጥጡ ከመዘራቱ ጀምሮ 2,700 ሊትር ገደማ ውሃ እንደሚፈጅ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። የሰርጉ የሚያብረቀርቅ ቀሚስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ነው፤ ከተጣለም አይበሰብስም። ይህ ሁሉ ለአንድ ቀን ፎቶ ከሆነ ያሳዝናል። አሥር ልጅ ሲለብሰው ግን ለመሥራት የወጣው ውሃና ነዳጅ ለአሥር ይካፈላል። ይህ የሚሠራው ዘጠኙ ቤተሰብ በኪራዩ ምክንያት መግዛቱን ከተወ ብቻ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ገዝቶ ለአዳራሹ የሚከራይ ቤተሰብ ለተፈጥሮ ያተረፈው ነገር የለም።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ደንበኛ የማያየው ትልቁ ብክነት እዚያ ነው። ልብስ ከመስቀያው የሚወርደው ተቀዶ እንዳይመስላችሁ። የሚያወርደው ፎቶ ነው። «ይቺን የጎረቤታችን ልጅ ለብሳት አይቻለሁ» የሚል ሰው ሲበዛ፣ ደህና የሆነች ቀሚስ በማዳበሪያ ታስራ ጥግ ትጣላለች፤ በምትኩ አዲስ ሞዴል ይመጣል። እንዲህ የሚሠራ ኪራይ ቤት ልብስን በፍጥነት ከመሸጥ ብዙም አይለይም። ጥሩ ቤት የሚታወቀው ቀሚሷን ለሰፊው መልሶ በመስጠቱ ነው። ወገቧ ላይ ያለው ሪባን ይቀየራል፤ እጅጌዋ ተፈቶ በዳንቴል ይተካል፤ የረገፈው ዶቃ እንደገና ይለቀማል። ፎቶ ላይ ሌላ ቀሚስ ትመስላለች፤ ጨርቋ ግን ያው የድሮው ነው።

በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ዕቃ ሲመርጥ ፊቱን አያይም፤ ገልብጦ ውስጡን ነው የሚያየው። ቀሚሷ ጫፏ ላይ ሦስት ጣት ያህል ታጥፎ የተሰፋ ጨርቅ ካላት፣ ረጅም ልጅ ስትመጣ ትለቀቃለች፤ አጭር ልጅ ስትመጣ ትታጠፋለች። ጀርባዋ በዚፕ የሚዘጋ ከሆነ የምትሆነው ለአንድ ልክ ብቻ ነው፤ በገመድ እየተሳበች የምትታሰር ከሆነች ግን የአምስት ዓመቷም የሰባት ዓመቷም ይለብሷታል። አንድ ቀሚስ የሁለትን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ገበሯ ጥጥ ከሆነም ላብ የሚይዘው ገበሩ ስለሆነ እሱ በደንብ ይታጠባል፤ ላዩ ግን የቆሸሸው ቦታ ብቻ ተለይቶ ይጸዳል። እንዲህ የተሰፋች ቀሚስ ስትገዛ ትወደዳለች። እኔ ግን ከርካሹ ሁልጊዜ እሷን እመርጣለሁ።

አጠባው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ልጅ የሚለብሰው ስለሆነ ንጽሕና ላይ ድርድር የለም። ችግሩ ሙሉውን ልብስ በየጊዜው በፈላ ውሃ መቀቀሉ ነው፤ ጨርቁን ያደክማል፤ ፖሊስተሩም በዓይን የማይታይ ብናኝ ክር እየለቀቀ ከእጣቢው ጋር ይሄዳል። ኤሌክትሪካችን አብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ፣ እኛ ዘንድ የማሽን አጠባ በነዳጅ ወይም በድንጋይ ከሰል እንደሚሠራበት አገር ጭስ የለበትም። ውሃው ግን በፈረቃ በሚመጣባት አዲስ አበባ ያሳስባል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ከዚያ ነፋስ ላይ መስቀል ይበቃል። «ድራይ ክሊን አድርገነዋል» ሲሏችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ለዚያ ሥራ በብዙ አገር ሲያገለግል የኖረው ፐርክሎሮኢትሊን የተባለው ኬሚካል አየርንም የከርሰ ምድር ውሃንም ይበክላል፤ የሚሠራበትንም ሰው ይጎዳል።

ስለ ኪራይ የሚያወሩ ሰዎች ማንሳት የማይወዱት አንድ ጥናት አለ። በፊንላንድ የኤልዩቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ጂንስ ሱሪን በተለያየ መንገድ መጠቀም ለምድር ሙቀት ምን ያህል አስተዋጽኦ እንዳለው አስልተው ነበር። ካነጻጸሯቸው መንገዶች ሁሉ የከፋው ኪራይ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የሱሪው አልነበረም፤ ሱሪውን ለመውሰድና ለመመለስ የሚነዳው መኪና ነው። ጂንሱ የአዋቂ ቢሆንም ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ለመምረጥ አንድ ጊዜ፣ ለመለካት ሌላ ጊዜ፣ ለመውሰድ፣ ለመመለስ እየተባለ ከአያት ፒያሳ በመኪና የሚመላለስ ወላጅ የልብሱን ጥቅም መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። የልጁን ቁመት፣ ደረትና ወገብ በሜትር ለክታችሁ በስልክ ንገሩን። ቢቻል ሰፈራችሁ ካለ ቤት ተከራዩ፤ መመለሻውንም ለሌላ ጉዳይ ከምትወጡበት ቀን ጋር አገናኙት። እኛም ደግ ከሆንን፣ የአንድ ሰርግ ልጆችን ልብስ ሁሉ አንድ ሰው ወስዶ አንድ ሰው እንዲመልሰው መፍቀድ አለብን፤ ለእያንዳንዱ ልብስ ለየብቻ ማስያዣና ፊርማ የምንጠይቀው ያለ በቂ ምክንያት ነው።

በአውሮፓ የዘወትር የሕፃን ልብስም ይከራያል። በቡናው የሚታወቀው የጀርመኑ ቺቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 ጀምሮት ነበር። ለዚያ አገር ቤተሰብ፣ ዘመድ ርቆ ልብስ የሚያቀብል ለሌለው፣ ትርጉም አለው። የእኛን ሰው ግን ለቱታና ለቲሸርት ወደ ኪራይ ቤት አልጠራውም። የታላቅ ልብስ ለታናሽ፣ የእህት ልጅ ልብስ ለወንድም ልጅ እየተላለፈ የኖረበት ልማድ ከእኛ ሥራ ይበልጣል፤ መኪና አይፈልግም፣ ማስያዣ አይጠይቅም። ለእኛ ለቀቅ አድርጉልን የምለው በዓመት አንድ ቀን የሚለበሰውን ብቻ ነው፤ የሚዜ ልጆችን ልብስ፣ የምርቃቱን ጋውን፣ የክርስትናውን።

አንድ ልመና ልጨምር። ልጅ ኬክ ላይ ሊወድቅ፣ ጁስ ሊደፋ ይችላል፤ ይህን እናውቃለን። የሚገድለን ወላጅ እድፉን ደብቆ ማስያዣውን ለማዳን ቤቱ በበረኪና አሽቶ፣ በትኩስ ካውያ ተኩሶ ሲመልሰው ነው። ካውያው እድፉን ጨርቁ ውስጥ ያጋግረዋል፤ በረኪናው ዳንቴሉን ቢጫ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ምንም ማድረግ አንችልም፤ ቀሚሷ ትጣላለች። እንደቆሸሸ ሳትነኩት አምጡት፤ ምን እንደፈሰሰበት ንገሩን፤ በዚያው ቀን ከሆነ አብዛኛው ይለቃል። ስትከራዩም «አዲስ ነው?» ማለቱን ትታችሁ «እስካሁን ስንት ልጅ ለብሶታል?» በሉን። ቁጥሩን በኩራት የሚነግራችሁን ቤት ያዙት።