የካንሰር መድኃኒት መግዛት ሲያቅተን ወዴት እንሂድ?



በቅርቡ አንዲት የጡት ካንሰር ታካሚ እናት ለክትትል መጡ። «እማማ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ» አሉኝ። ከኋላቸው የቆመችው ልጃቸው ግን ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ለካ የአንድ ወር ታሞክሲፈን ሁለት ወር እንዲቆይላቸው አንድ ቀን እየዘለሉ ነበር የሚውጡት። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «ብር የለኝም ማለት አሳፈረኝ» አሉኝ።

ታሞክሲፈን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። እየዘለሉ መውሰድ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉን ይጨምራል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ብር በግልጽ እናውራ።

1️⃣ መጀመሪያ ለሐኪማችሁ ንገሩ
«ይህን መግዛት አልችልም» ማለት ነውር አይደለም፤ ለእኛ ለሐኪሞች እንደ ማንኛውም የሕመም ምልክት አስፈላጊ መረጃ ነው። ዋጋው የሚቀንስ አማራጭ ካለ መቀየር የምንችለው ስናውቅ ብቻ ነው። በራሳችሁ ግን መጠን አትቀንሱ፣ አታቋርጡ።

2️⃣ ማዘዣው በሳይንሳዊ ስም ይጻፍላችሁ
ለምሳሌ «ግሊቬክ» የንግድ ስም ነው፤ መድኃኒቱ ኢማቲኒብ ይባላል። «ዜሎዳ» ደግሞ ካፔሲታቢን ነው። ጥራቱ የተረጋገጠ ጄነሪክ ሥራው ያው ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ሊለያይ ይችላል። እኚያ እናትም ይገዙ የነበረው ውዱን ብራንድ ነበር!

3️⃣ ከመግዛታችሁ በፊት ዋጋ አወዳድሩ
መጀመሪያ የሆስፒታሉን ፋርማሲ፣ ቀጥሎ ከነማን ወይም የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ጠይቁ። የግል ፋርማሲ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

4️⃣ ጤና መድህንና ነፃ ሕክምና
የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆናችሁ መታወቂያችሁን በጊዜው አሳድሱ፤ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሪፈር ዘሎ የሄደ ሰው ሙሉውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። መድኃኒቱ ሆስፒታል ውስጥ ከሌለ «የለም» የሚል ማህተም አስመቱና ውጭ ከመግዛታችሁ በፊት ወጪው ይተካ እንደሆነ የመድህን ክፍሉን ጠይቁ። የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ከወረዳው የነፃ ሕክምና ደብዳቤ መጠየቅ ይችላል። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ መሥሪያ ቤታችሁ የሕክምና ወጪ ይሸፍን እንደሆነ አጣሩ።

5️⃣ ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች የተለየ ድጋፍ አለ
ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ላለባቸው ታካሚዎች በማክስ ፋውንዴሽን በኩል መድኃኒት በነፃ የሚሰጥበት ፕሮግራም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሠራበት ቆይቷል። በሽታው በምርመራ መረጋገጥ ስላለበት የደም ሐኪማችሁ እንዲያስመዘግባችሁ ጠይቁ።

6️⃣ በጎ አድራጎት ድርጅቶች
ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ልጃቸውን በደም ካንሰር ባጡ ወላጆች የተመሠረተ ነው። ተስፋ አዲስም ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናትና ወላጆቻቸውን ይደግፋል፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡት ማረፊያ ጭምር። የሆስፒታላችሁን ሶሻል ወርከር አነጋግሩ፤ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁና የሚያገናኟችሁ እነሱ ናቸው።

📁 አንድ ፋይል አዘጋጁ፦ የባዮፕሲ ውጤት፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ማዘዣ፣ መታወቂያ፣ የወረዳ ደብዳቤ። ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ወረቀት ጎደለ ተብሎ መመላለስ ሌላ ወጪ ነው።

⚠️ ሁለት ማስጠንቀቂያ
• ውጭ ያሉ ዘመዶች መድኃኒት ሲልኩ ማዘዣውን ለሐኪም አሳይታችሁ ይሁን። ለምሳሌ ትራስቱዙማብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ ሻንጣ ውስጥ ቀናት የቆየውን አትጠቀሙ።
• «እርዳታ አስገኝላችኋለሁ» ብሎ ቅድሚያ ብር ለሚጠይቅ ሰው አትክፈሉ።

እድር፣ ማኅበር፣ የሥራ ባልደረባ... ሰው ይረዳል፤ ግን ያልተነገረውን ማንም አያውቅም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም» ይባል የለ? ብር ማጣትንም አትደብቁ።

እኚያ እናት አሁን ጄነሪኩን ከሆስፒታሉ ፋርማሲ እየወሰዱ ነው። በየቀኑ፣ ሳይዘሉ። 💗

ይህ መረጃ የሚያስፈልገው ቤተሰብ አይጠፋም፤ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጤንነት!