ከጠዋቱ ክኒን በፊት

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ላቦራቶሪው ደጃፍ ተሰልፈናል። የእህቴ ልጅ የጃኬቱን ኪስ በየደቂቃው ይዳብሳል። በሶፍት የተጠቀለሉ ክኒኖች አሉበት። ደሙ ሳይቀዳ እንዳይውጣቸው፣ ከተቀዳ በኋላ ደግሞ እንዳያዘገያቸው ተነግሮታል። የሚለካው ማታ የዋጠው መድኃኒት ከ12 ሰዓት በኋላ ደሙ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ነው። የጠዋቱን ቀድሞ ከዋጠ ቁጥሩ ያለልክ ይወጣና ሐኪሙን ያሳስታል። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። በእናቱ ኩላሊት መኖር ከጀመረ ዓመት ከአምስት ወር ሆነው።

እንደ እሱ ያለን ልጅ የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው ፎቶውና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ሚኒባስ መስታወት ላይ ሲለጠፍ ነው። «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል» ይላል ጽሑፉ፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ሰው ይሰጣል። ይህን ሕዝብ በዚህ ማማት ነውር ነው፤ የታክሲ ሒሳቡን ቆርጦ ሲሰጥ አይቻለሁ። ገንዘቡ ሲሞላ ልጁ ይሄዳል፣ «በሰላም ተጠናቀቀ» የሚል ቪዲዮ ይለቀቃል፣ ሁላችንም እፎይ እንላለን። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ለመስታወት አይመችም። ለወር ክኒን አዋጡልኝ ብሎ ፎቶ የሚለጥፍ ማን አለ?

አገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረችው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር። የመጣውን ሁሉ ማስተናገድ ግን አልተቻለም፤ ብዙ ቤተሰብ ዛሬም ወደ ሕንድ ይበራል። እኛም ውጭ ይታከም የሚል የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት ይዘን፣ በወረቀቱ ዶላር ለምነን ዴልሂ ከረምን። ሕንድ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የሰውነት ክፍል መሸጥ ከልክላለች፤ ስለዚህ ከውጭ የመጣ ሰጪና ተቀባይ ዝምድናውን ማስረዳት አለበት። የኤምባሲ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ከዚያም በኮሚቴ ፊት በካሜራ እየተቀረጹ መጠየቅ አለ። እህቴ የልጇ እናት መሆኗን ለማያውቋቸው ሰዎች በአስተርጓሚ አስረዳች። የተናደደችው በጥያቄው አልነበረም፤ «ገንዘብ ተከፍሎሻል ወይ?» ሲሏት አስተርጓሚው ቀድሟት በመሳቁ ነው።

ልጁ «ሦስት ኩላሊት አለኝ» እያለ ይፎክራል። እውነቱን ነው። አሮጌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አይወጡም፤ አዲሱ ወደ ታችኛው ሆድ ጎን ገብቶ ከደም ሥሮችና ከፊኛ ጋር ይገጠማል። ሰውነቱ ግን የእናቱንም ቢሆን እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። በ1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተሳካው ሰጪና ተቀባይ አንድ ዓይነት መንታዎች ስለነበሩ ነው። መንታ ለሌለው መድኃኒት እስኪመጣለት ዓመታት ፈጀ። ልጁ ኪስ ውስጥ ያለው ታክሮሊመስ የተገኘው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጃፓን ውስጥ፣ ከጹኩባ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ላይ ካለ ባክቴሪያ። የመከላከል አቅምን ያዳክማል፤ ኩላሊቱን ከጥቃት ያድናል፣ ለሌላ በሽታ ግን በር ይከፍታል። ስለዚህ በፋሲካ ጥሬ ሥጋ የለም፣ ክትፎው ለብለብም ቢሆን አይበላም፣ ወተት ካልፈላ አይጠጣም። ተቅማጥ ሲይዘው የመድኃኒቱ መጠን ደሙ ውስጥ ሊጨምር ስለሚችል እናቱ ሽንት ቤቱን ሳይቀር ትቆጣጠራለች።

መድኃኒቱን ማግኘትም ሥራ ነው። ፋርማሲው አንድ ወር «አለ»፣ በሚቀጥለው «አልገባም» ይላል። ያኔ እህቴ ከዱባይ የሚመጣ ሰው ታፈላልጋለች። የሚመጣው ሌላ ፋብሪካ የሠራው ከሆነ ስሙ አንድ ቢሆንም መጠኑ እንደገና መለካት አለበት፤ ይኸው ሰልፍ፣ ይኸው መርፌ። የእሷ የቀረው አንድ ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የደም ክሬቲኒን ግን ከዴልሂ ከተመለስን ወዲህ አልተለካም። ማንም ቀጠሮ አልሰጣትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

ሰልፉ ሲጓተት ልጁን እኔ ዘንድ ትታ ድፎ ዳቦ ተሸክማ ወደ ኩላሊት እጥበት ክፍል ሄደች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ ሰባት ወር ሙሉ ከልጁ ጎን የተቀመጠችበት ክፍል ነው። እሱ አልገባም። በሩ ሲከፈት ግን አየሁት፤ አንገቱን መዘዝ አድርጎ በመስኮቱ በኩል ያለችውን አልጋ ፈለገ። አንዲት ልጅ ተኝታባት ነበር፤ ክንዷ ላይ ሁለት ቀይ ቱቦ፣ ሌላው እጇ ላይ ስልክ። ጀርባውን ሰጠ።

ተራችን ሲደርስ እናቱ ተመልሳ ነበር፤ ሻሿ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። ሲስተር የእጅጌውን ቁልፍ እያስፈታች፣ «ማታ ስንት ሰዓት ዋጥክ?» አለችው።

«ሦስት ሰዓት፣ ሲስተር፤ ሁሌም ሦስት ሰዓት ነው» አለች እህቴ።

«አራት ተኩል» አለ ልጁ፣ ወደ መሬት እያየ።

ሐኪሞቹ ከተተከለ በኋላ ኩላሊት የማጣት አደጋ ከፍ የሚለው ከ10ዎቹ ዕድሜ መጨረሻ እስከ 20ዎቹ መጀመሪያ እንደሆነ አስቀድመው ነግረውናል። ምክንያቱን ያኔ አልጠየቅንም። «ጓደኞቼ ነበሩ» አለ። «አላርሙን ዘጋሁት፤ እነሱ ፊት ክኒኑን ማውጣት አልፈለግኩም።»

እህቴ አልተቆጣችም። አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። ሲስተር ወረቀቱ ላይ የነበረውን 3 ሰርዛ 4፡30 ጻፈች።

«እንግዲያው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ኑ፤ አሁን ብቀዳው ዋጋ የለውም» አለችና ቀጣዩን ጠራች።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እሱ መሐል ሆነ፣ እጁ ኪሱ ውስጥ።